በትሉ ውስጥ ያደጉት

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ለበጎቹ የስኳር ድንች ሐረግ ስቆርጥ ከሐረጉ የሚፈሰው ወተት እጄን ነካው። ያ ወተት መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ጥቂት ሲቆይ ይጠቁርና ጣት ላይ ይጣበቃል፤ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ሽታው ጥሬ ነው፦ እርጥብ አፈር፣ እርጥብ ቅጠል፣ ከሥሩም ትንሽ የሚመር ነገር። እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁና እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።  አንቺ ከኩሽና ብቅ ብለሽ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አልሽኝ፤ «ምንም» አልኩሽ። አሁን ሥራው ጋብ ብሏል፤ ልንገርሽ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከሶዶ በላይ፣ በዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ከደጃችን ሆነሽ ቁልቁል ብታዪ የሁምቦ ቆላ ተዘርግቶ ይታያል፤ ከዚያም ወዲያ የአባያ ሐይቅ በፀሐይ ያብለጨልጫል። በዚያ ዓመት አባቴ ለሥራ ወደ አዋሽ እርሻ ወርዶ ነበር። መቼ እንደሚመለስ አልታወቀም። ቤት የቀረነው እናቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሾቼ ነን። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች።

የጓሮው እንሰት ገና ለጋ ስለነበር እናቴ አይነካም አለች። በቆሎ የሚደርሰው ዝናቡ ከመጣ በኋላ ነው። በመካከል ያለውን የረሃብ ጊዜ የሚያሻግረን ከቤት በታች ያለው የስኳር ድንች ማሳ ብቻ ነበር። ይህን ልጆችም እናውቅ ነበር። ማሳው ውስጥ ስንሮጥ ሐረጉን ከረገጥን እናቴ አትመታንም፤ ዝም ብላ ታየናለች። ከምት ይልቅ ያ ያስፈራን ነበር።

በጋው ሲበረታ ቢራቢሮዎች መጡ። ክንፋቸው ብርቱካንማ፣ ጠርዙ ቡናማ፤ ማሳውን ሞሉት። እኛ ደስ ብሎን እያባረርናቸው ስንጫወት እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸውና ወደ ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ ከቅጠሉ ጀርባ ድር ታየ። ከድሩ ውስጥ ደግሞ አባ ጨጓሬው ወጣ፤ ጥቁር፣ መላ ሰውነቱ እሾህ የሆነ። ቀትር ላይ አፈር ውስጥ ይደበቃል፤ ሲቀዘቅዝ ወጥቶ ይበላል። በማለዳ ማሳው ዳር ዝም ብለሽ ብትቆሚ ሲበሉ ይሰማሻል። ቅጠሉ ካለቀ ድንቹ ከአፈሩ በታች አይሞላም፤ ክር ሆኖ ይቀራል።

መንደሩ ሁሉ ተያዘ። በጸሎት ቤታችን ጾም ታወጀ። ጌታ ትሉን እንዲያነሳልን ለመንን። ከጸሎቱ በኋላ ደግሞ የአካባቢያችን ጭቃ ሹም ሕዝቡን ሰብስቦ ሥርዓት አወጣ፤ ትል የገባበት ማሳ ሁሉ በደቦ ይታጨዳል፣ ይቃጠላል፤ እንዲያ ካልሆነ ትሉ ከማሳ ማሳ ይሻገራል። እስከዚያው ልጆች ከቅጠሉ ጀርባ ጥጥ የመሰለውን ነጭ ነገር ለቅመው እሳት ውስጥ ይጨምሩ፤ የትሉ እንቁላል እሱ ነው ተባለ። እኛም በቅል እየለቀምን እሳት ውስጥ ጣልን። ሲቃጠል ጠስ ጠስ ይላል። የበለጠ የለቀመ ልጅ ይመሰገናል።

የእኛ ማሳ ከጭቃ ሹሙ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነበር። ስለዚህ ተራው ቶሎ ደረሰን፤ ቅዳሜ ተባለ።

እኔ ሶዶ በሚስዮን ትምህርት ቤት እማር ነበር። ጠዋት ቁልቁለት፣ ከሰዓት በኋላ ዳገት። መምህርታችን ወጣት ናት፤ ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ገበያ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ትሉ ገና የገባ ሰሞን፣ ትል ቢራቢሮ እንደሚሆን ስትነግረን አላመንናትም።

«እንግዲያው እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ትል አምጡ» አለች።

«መምህርት፣ ከረጢት ሙሉ ላምጣ?» አለ አንዱ ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ትሎቹን በማርመላታ ጠርሙስ አድርገን፣ አፉን በነጠላ ቁራጭ አስረን፣ መስኮቱ ላይ ደረደርናቸው። በየጠዋቱ ቅጠል እንለውጥላቸዋለን። የሌሎቹ ልጆች ትሎች ጠርሙሱ ላይ ተንጠለጠሉ፣ ደረቁ፤ ኋላም ተሰነጠቁና ክንፋቸው የረጠበ ቢራቢሮዎች ወጡ። የእኔ ትል ግን እምቢ አለ። ወፈረ፣ ፈዘዘ፤ መብላቱን ግን አልተወም። አንድ ጠዋት ስገባ ደቃቅ ነጫጭ ትሎች ጎኑን እየበሱ ይወጡ ነበር። እግር የላቸውም። እንደወጡ ጎን ለጎን ሆነው ጥጥ የመሰለ ነገር በላያቸው ላይ ፈተሉና ውስጡ ተኙ። ትልቁ ትል አልሞተም ነበር። የጥጡ ክምር ላይ ተደግፎ ቀረ፤ ሲነኩት ራሱን ያወዛውዛል።

«ያንቺ ትል ወለደች!» ብለው ሳቁብኝ።

«ስም አውጪላቸው እንጂ!»

«ገንፎ አልሠራሽላትም?»

አለቀስኩ። መምህርቷ መጥታ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳች። ረጅም ጊዜ አየችው። «ዝም በሉ» አለች። «ይህን እኔም በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ማንም እንዳይነካው።»

ማሳችን ሊቃጠል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጠርሙሱ ውስጥ ትንኝ የሚያካክሉ ጥቋቁር ነገሮች ነበሩ። ሁሉም ብርሃን ወዳለበት ጎን ተሰብስበው ይራመዳሉ። ትልቁ ትል ሞቶ እንደ ባዶ ከረጢት ተጨማዶ ነበር። ነጩ ጥጥ ጫፍ ጫፉ ተከፍቷል። መምህርቷ ልጆቹን በዙሪያዋ አቆመችና ነገረችን። የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

«ተርቦች ናቸው» አለች። «እናትየዋ ጎጆ አትሠራም። የልጆቿ ቤት ትሉ ነው። በጭራዋ ጫፍ መርፌ አላት፤ ትሉን ፈልጋ ታገኝና ከቆዳው ሥር እንቁላሏን ታስቀምጣለች። ልጆቿ እዚያው ውስጥ ይፈለፈላሉ። ደሙንና ስቡን ይበላሉ፤ ልቡን ግን አይነኩም። እሱ ከሞተ እነሱም ይሞታሉ። ሲያድጉ ወጥተው ይህን ጥጥ ይፈትላሉ፤ ከጥጡም ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ከዚያ ደግሞ እነሱም ሌላ ትል ይፈልጋሉ።»

እጄን አነሳሁ። «ጥጡ የትሉ እንቁላል አይደለም?»

«የትሉ ጠላት ነው» አለች።

ያን ቀን ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። እናቴን ማሳው ውስጥ አገኘኋት። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳት። አቋርጣ አልጠየቀችኝም። ስጨርስ ግን ፊቷን አጨማደደች።

«ጌታ እንዲህ ያለ ነገር ይፈጥራል?»

«አላውቅም።»

«መምህርትሽ ሰምታ ነው ወይስ አይታ?»

«አየን። እኔም አየሁ።»

እናቴ ጎንበስ ለማለት ስለሚቸግራት ተንበረከከች። ቅጠል ገለበጠች። ከትሎቹ መካከል የፈዘዘውንና የወፈረውን ለይታ አነሳችና በጥፍሯ ቀደደችው። ውስጡ እንደ ሰሊጥ ፍሬ የሚሆኑ ነጫጭ ነገሮች ይንቀሳቀሱ ነበር። እናቴ ጣቷን በአፈር ጠረገች። ሌላው እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ከዚያ ሌላ ቀደደች፤ ሌላም። አንዳንዱ ባዶ ነው፤ ብዙው ግን ሞልቶ ነበር።

«ከእንግዲህ አንድም ነጭ እንዳትለቅሚ» አለችኝ። 

ቅዳሜ ጠዋት ደቦው መጣ። ወንዶቹ ማጭድ ይዘዋል፤ አንዱ በገል ፍም ተሸክሟል። ጭቃ ሹሙ ፊት ፊት ይመራል። ሚስቱም ጨቅላ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ከሴቶቹ ጋር መጥታ ድንበሩ ላይ ቆማለች። ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎችም አንዱ መካከላቸው ነበር።

«የልጆች እናት፣ እሳቱ ሳይጠፋብን ከየት እንጀምር?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«አትጀምሩ» አለች እናቴ።

«ምን አልሽ?»

«የእኔ ማሳ አይቃጠልም፣ ጋሼ።»

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላ አንዱ፣ «ሌላው ከብት ያረባል፣ እሷ ትል ታርባ!» አለ። ተሳቀ።

እናቴ ጠራችኝና «ያየሽውን ንገሪያቸው» አለችኝ። ለትልልቅ ሰዎች ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።  ተርቧን ነገርኳቸው፣ መርፌዋን፣ ጥጡን። እናቴም ትል እየቀደደች አሳየቻቸው።

«እንዴት ያለ ትምህርት ቤት ነው!» አለ ያው ሰውዬ። «ፊደል ትቁጠር ብለሽ ልከሻት ትል ማዋለድ ተምራ መጣች!»

የጭቃ ሹሙ ሚስት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እፍ! የሌላ ልጅ እንዲህ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይብላ? ይህ የሰይጣን ነው። ይልቅስ ቶሎ አቃጥሉት!»

ጭቃ ሹሙ አልሳቀም። ወደ እናቴ ጠጋ አለ። «ስሚ። ይህ ትል ወደ እኔ ማሳ ቢሻገር ከደቦ ወጥተሻል። ባልሽ የለም። ማን ያርስልሻል? ክረምት ሲመጣ ቤትሽን ማን ይከድንልሻል? ስትወልጂስ ማን ይደርስልሻል?»

ይህ ቀላል ዛቻ እንዳይመስልሽ። በእኛ አገር ከደቦ የወጣ ሰው ብቻውን ሰማይ ሥር እንደቀረ ነው። እናቴ ታውቀዋለች። ማሳው ቢቃጠል እንራባለን፤ ባይቃጠልና ትሉ ቢበረታ እንራባለን፤ የሚደርስልንም ሰው አይኖርም። ሆዷን ደግፋ ቆማ ነበር። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም።

«ጾመን ለምነን ነበር» አለች። «ጌታ ሆይ፣ ትሉን አንሳልን ብለን። የሚያነሳው በዚህ ከሆነስ? መልሱን ልናቃጥል ነው የተሰበሰብነው?»

 የገሉ ፍም ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ማጭዱን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ዳገቱን ወጣ። እሱን አይቶ ሌላው ሄደ፤ ከዚያም ሌላው። ጭቃ ሹሙ መጨረሻ ላይ፣ «አይቻለሁ» ብሎ ሄደ። ገሉን እዚያው ድንበራችን ላይ ጥለውት ሄዱ። ፍሙ ቀስ እያለ አመድ ሆነ።

ይህ ባጃጅ ይለፍ፤ ድምፁ ያደነቁረኛል። በዚያ ጊዜ እንኳን ባጃጅ፣ መኪና ከሩቅ ሲመጣ ሰው ሥራ ፈትቶ ይቆም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎሕ ሳይቀድ ማሳ ውስጥ ነበርን። ጤዛው እግራችንን ያቆረፍዳል። እናቴ እየተንበረከከች፣ እኛ እየዳኽን እንለቅማለን። ፈጣኑን፣ ሲነኩት የሚጠቀለለውን ትል ገድለን ለዶሮ እንጥላለን። ፈዛዛውን እንተዋለን። ጥጥ የያዘውን ቅጠል አንነካም። ታናናሾቼ አንዳንዴ ይሳሳታሉ፤ እናቴ አትቆጣም፤ ደክሟት ነበር። በዚያ ሥራ መካከል ነው አንድ ቀን ድንገት የጠየቀችኝ።

«ያ ትል ሲበሉት ያውቃል?»

በማግስቱ መምህርቷን ጠይቄ መጣሁ። «አላውቅም አለች» አልኳት።

እናቴ ቅጠል ገለበጠች። «ቢያውቅም መብላቱን አይተውም» አለች። «እነሱ ውስጡ ናቸው።»

በዚያ ዕድሜዬ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ልጆች ወልጄ፣ አሳድጌ፣ አንዳንዶቹንም ቀብሬ፣ በሌሊት ተነስቼ ውኃ ስቀዳ፣ ወገቤ ሲሰበር፣ ያኔ ገባኝ። አልተማረርኩም። ተመስገን ነው። ግን ገባኝ።

ማሳችን አላማረም። ቅጠሉ ወንፊት ሆኖ ነበር። ነገር ግን ትሉ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ አነሰ፤ በጠዋት ብርሃን ደግሞ እነዚያ ደቃቅ ተርቦች ከቅጠል ቅጠል ሲሄዱ አያቸዋለሁ። ፈላጊ ናቸው፤ አያርፉም። ዝናቡ ሲጥል ሐረጉ እንደገና ለመለመ። ከአፈሩ የወጣው ድንች ትልቅ አልነበረም፤ እናቴ ግን ቆፍራ በነጠላዋ ሰብስባ ስታመጣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። ቀቅላ አበላችን። ከመብላታችን በፊት የጸለየችው ጸሎት አጭር ነበር፦ «አየሁ፣ ጌታዬ።»

በዙሪያችን የተቃጠሉት ማሳዎች ጥቁር ነበሩ። በእሳቱ ትሉም ተርቡም አብረው አልቀው ነበር። ቢራቢሮዋ ግን ክንፍ አላት፤ ከሌላ ቦታ መጣች፤ ትሎቿም የተረፈውን በሉ። የጭቃ ሹሙም ማሳ እንዲሁ ሆነ።

የስኳር ድንች የሚተከለው ከሐረጉ እየተቆረጠ ነው። በእኛ አገር ሐረግ አይሸጥም። ሐረግ የሌላት ሴት ካላት ሴት ትለምናለች፤ የተለመነችም አትከለክልም። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እኛ መጡ። እናቴ ለሁሉም ቆረጠች። የእኛ ማሳ እየጠበበ ሲሄድ አይቼ፣ «ለእኛስ?» አልኳት። «የሚያድግ ነገር ነው» አለችኝ።

የጭቃ ሹሙ ሚስት የመጣችው በመጨረሻ ነው። ልጇን አዝላለች። ከአጥሩ ውጭ ቆመች እንጂ አልገባችም።  እናቴ ቀና ብላ አየቻት።

«ግቢ እንጂ፤ እዚያ ቆመሽ እንዴት ሆነሽ ትቆርጪያለሽ?»

ገባች። ጎን ለጎን ሆነው መቁረጥ ጀመሩ። 

«ያቺ… ያቺ ነገርሽስ?» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ። «እዚህ ላይ አለች?»

«አለች። ነጩን እንዳታራግፊው። አብራሽ ትሂድ።»

«እኔስ እፈራታለሁ።»

«እኔም እፈራታለሁ» አለች እናቴ። ሁለቱም ሳቁ። እናቴ በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሸክሙን ስታሸክማት ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ሴትየዋ ከሄደች በኋላም እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሥራ እያለ እናቴ ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር። እጇን ይዤ ላነሳት ስል፣ «ቆይ» አለችኝ። «ትንሽ ልቀመጥ።» አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጇ በወተቱ ጠቁሮ ነበር። ከተራራው ጭጋግ ይወርድ ነበር።

በሰኔ ወለደች። ወንድ ልጅ። ልጁ ቆየ፤ እሷ አልቆየችም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልናገርም። ጭቃ ሹሙ ራሱ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሟል። በዝናብ ውስጥ ቀበርናት። አባቴ የሰማው በኋላ ነው።

ከቀብሩ ስንመለስ ሕፃኑ ያለቅስ ነበር። የላም ወተት በጨርቅ እያጠቀስኩ አፉ ላይ ሳደርግለት ይተፋዋል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ አንዷ «አይቆይም» ስትል ሰማኋት። ድምፁ እየሰለለ ሄደ። ያኔ የጭቃ ሹሙ ሚስት ከዝናቡ ገባች። ማንንም አልጠየቀችም። የራሷን ልጅ ከጀርባዋ ፈታችና ለእኔ ሰጠችኝ፤ ወንድሜን ከእጄ ወሰደችው። ምሰሶው ሥር ተቀመጠችና ጡቷን አወጣችለት። መጀመሪያ አልያዘም። ከዚያ ያዘ። ሴትየዋ ሕመሙ ተሰምቷት ዓይኗን ጨፈነች።

«አቤት አበላሉ!» አለች። እንባዋ ይወርድ ነበር። «ይብላ። ይብላ እንጂ።»

ክረምቱን ሙሉ፣ ጠዋትም ማታም፣ ጭቃውን እየረገጠች መጣች። ሁለት ልጆች ስታጠባ ከሳች፣ ጉንጯ ጎደጎደ። ጌታ ያሳርፋት።

የቀብሩ ዕለት እኔ የእሷን ልጅ አዝዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ማሳው ላይ ይወርዳል። ወደ ኋላዬ ዞሬ አላየሁም። ወንድሜ ሲውጥ ይሰማኝ ነበር።